በሲሶ የሰፋው ክብ

ማስመሪያዋን ስክሪኑ ላይ ጋደም አድርጋ አስቀመጠች። ከዜሮ አልጀመረችም፤ የፕላስቲኩ ጫፍ ተበልቷል። ከ1 ጀምራ እስከ 9 ለካች። ስምንት ሴንቲ ሜትር። ማስመሪያውን አቁማ ያንኑ ክብ ከላይ ወደ ታች ለካችው። ከ1 እስከ 7፤ ስድስት። ክቡን የሣለችው ራሷ ናት፤ ፔይንትን ከፍታ፣ ሺፍትን ተጭና፣ በአንድ ጉተታ። ሺፍት ተጭኖ የተሣለ ክብ ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን በጎኑ የተኛ እንቁላል ነው።

«ስምንት ለስድስት» አለች። «መምህር፣ ስክሪንዎ ምንም አልሆነ።»

የጥገና ቤቷ መቱ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ቻርጀሮች። ከጠረጴዛው ሥር የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር አለ። ሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በቅርባችን ቢኖርም፣ ክረምት ሲገባ መብራት እንዴት እንደሚያመናጭቅ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ባትሪው መሙላቱን ሳታይ ሥራ አትጀምርም። እኔ ይህን ጥንቃቄ ባውቅ ኖሮ እዚያ በርጩማ ላይ ባልተቀመጥኩ።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ፤ እሱም አብሮ ጠፋ። ባትሪ ቀይር እየተባልኩ ዓመት ያሳለፍኩት እኔ ነኝና የምከሰው የለኝም። መብራት ሲመለስ ተነሣ፣ አፕዴቱን ጨረስኩ አለ፣ ሁሉም ነገር ግን ወደ ጎን ሰፍቶ መጣ። ፊቶች ወፈሩ። የፈተና ወረቀቶቼ ላይ ያሉት ፊደላት ተንፈራጠጡ። የብርሃን ቁልፎቹ ቢጫኗቸው መልስ የለም።

ሁለት ሰዎች አማከርኩ። ሁለቱም በአንድ ቃል መለሱልኝ፦ ፎርማት። በከተሞቻችን ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ዘገየ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። እውነትም ያድናል፤ ከበሽታው ጋር የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል እንጂ። ኢሉባቦር የቡና አገር ነውና ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነው። ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በመዳፍ ገፎ አረንጓዴውን፣ ቀዩን፣ ቅጠሉንም አንድ ላይ ቅርጫት ውስጥ ማውረድ ይቻላል። ቀዩን ብቻ ጣት በጣት መልቀምም አለ። ይቺ ልጅ ለቃሚ ናት።

መጀመሪያ ያደረገችው ላፕቶፑን መጠርጠር ነው። ክዳኑን ቀስ ብላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛወዘችው፤ የስክሪኑ ገመድ ላልቶ ቢሆን ምስሉ ይርገበገብ ነበር። አልተርገበገበም። ከጥጉ አንድ አሮጌ ሞኒተር አንሥታ በገመድ አገናኘችው። ጭጭ አለ። ቀጥላ የማጥፊያውን ዝርዝር ከፈተች። ‹ስሊፕ› የሚለው ከቦታው የለም። ብርሃን አይቀነስም፣ ላፕቶፑ አይተኛም፣ ክቡ ተለጥጧል። በሦስቱ ምልክቶች ላይ ሞኒተሩ ሲጨመር ነገሩ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል፦ ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ።

ድራይቨር የሚለውን ቃል ሰው እንደገባው ይተረጉመዋል። አንድ ደንበኛ «ሾፌሩ ጠፍቶብኝ ነው» ብለው እንደመጡ ነገረችኝ። አልሳቀችባቸውም፤ ትርጉሙ ትክክል ነው። የእኔ ስክሪን ወርዱ 1366፣ ቁመቱ 768 ነጥብ ነው። ሲባዛ 1,049,088። ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ በየሰከንዱ 63 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ማለት ነው። ይህን የሚያሰላው ግራፊክስ ቺፕ ነው። ቺፑን በራሱ ቋንቋ የሚያዘው ደግሞ ድራይቨሩ። እሱ ሲታጣ ዊንዶውስ ‹ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር› የሚባል ተጠባባቂ አለው። ተጠባባቂው ማንኛውንም ማሽን ያለብሳል፤ ለማንም በልክ አልተሰፋም። ቺፑን ሥራ አያሠራውም፤ ማሽኑ ሲነሣ ያገኘውን የምስል መጠን ይዞ ይቀጥላል። የእኔ ላይ ያገኘው 1024 በ768 ነው።

ሲሶዋ የመጣችው ከዚህ ነው። 1366 ለ1024 ሲካፈል አንድ ከሲሶ ገደማ ይሆናል። ቁመቱ 768 እንደነበረ 768 ነው፤ ወርዱ ብቻ በሲሶ ተለጠጠ። ስድስት ሴንቲ ሜትር የነበረው ስምንት ሆነ። 1366 ራሱም ሙሉ ቁጥር ለማድረግ የተጠጋጋ ነው። 16 ለ9 የሚባለው ምጥጥን ለ768 ቁመት የሚሰጠው ወርድ 1365 ከሲሶ ነው፤ ሲሶ ነጥብ ስለሌለ ፋብሪካዎቹ ወደ ላይ አስጠጉት።

የፈተና ወረቀቴን ከፍታ «ይህን ይዩልኝ» አለችኝና ፊደሉን አጎላችው። አንድ ‹ሉ› እና አንድ ‹ሊ› ጎን ለጎን ነበሩ። የ‹ሉ› ቅጥያ ከቀኝ እግሩ ወገብ ይወጣል፤ የ‹ሊ› ከእግሩ ሥር። ሁለቱም ቅጥያዎች ጋደም ያሉ ሰረዞች ናቸው፤ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ስል ነው። እግሮቹ ግን ደብዝዘዋል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ከላይ ወደ ታች 768 ነጥብ በ768 ነጥብ ላይ ልክክ ብሎ ያርፋል፤ ጋደም ያለ መሥመር አይነካም። ከግራ ወደ ቀኝ ግን አንዷ ነጥብ አንድ ከሲሶ ነጥብ ላይ መተኛት አለባት። ሲሶ ነጥብ ማብራት አይቻልምና ስክሪኑ ቀለሙን ለጎረቤት ያካፍላል። ቆሞ የሚሄድ መሥመር ሁሉ ጥላ ያወጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ በእግሩ የቆመ ፊደል ነው። ‹ዐ› ሰፍታ እንቁላል መስላለች። ጠረጴዛው ላይ በነበረ ሌላ ሰነድ የቁቤውም ‹ኦ› እንዲሁ ሆኖ ነበር።

አራት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች፤ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ‹ቢ›። ይህ ግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ ቀስቅሶ የሚያስነሣ ትእዛዝ ነው፤ የተከፈተ ሥራ አይዘጋም። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለ፣ እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ተመለሰ። «ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ ምንም አልከሠርን» አለች። ድራይቨርን ለብቻው ማስነሣት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከወጣው ቪስታ ወዲህ ነው። ግራፊክስ ቺፑ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ሲስተሙ ራሱ ያስነሣዋል። ከዚያ በፊት ማሽኑ በሙሉ ይደርቅ ነበር። ሽግግሩ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ይፋ የሆኑ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ በዚያ ወቅት ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከአንድ ግራፊክስ አምራች ድራይቨሮች የመነጩ ነበሩ።

ዲቫይስ ማኔጀርን ከፈተች። ‹ሮል ባክ› የሚለው ቁልፍ ደብዝዟል፤ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም። እዚህ ላይ ሌላ ባለሙያ ቢሆን ላፕቶፑን ገልብጦ ሞዴሉን ከተለጣፊው ያነባል። እሷ አልገለበጠችውም። ተለጣፊ ይፋቃል፣ ይሳሳታል፣ አንዱ ሞዴል ውስጥ ሦስት ዓይነት ቺፕ ይገባል። ‹ሃርድዌር አይዲዎች› የሚለውን መርጣ ረጅሙን መሥመር ደብተሯ ላይ ገለበጠች። በእርሳስ ነው የምትጽፈው፤ ቁጥር በቁጥር፣ በጣቷ እየተከተለች።

የመሥመሩ ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል 8086 ይላል፤ ቺፑን የሠራው ኢንቴል ነው። ቁጥሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር መጠሪያ ነው፤ ድርጅቱ ለመታወቂያው ያንኑ ወሰደ። ኤኤምዲ ቢሆን 1002 ይል ነበር። ሁለተኛው ክፍል 0166 ነው፤ ኤችዲ 4000 የሚባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የሦስተኛው ትውልድ ቺፕ። ሦስተኛው ክፍል የቺፑን ሳይሆን የላፕቶፑን ማንነት ይናገራል፤ መጨረሻው ላይ ያሉት አራት ቁምፊዎች የማን ምርት እንደሆነ ይነግራሉ። 1028 ዴል ነው፣ 1179 ቶሺባ። የእኔ ምን እንደሚል ለራሴ ይቆይ።

ቀጥላ የራሷን ሃርድ ዲስክ ሰካች። ብዙ ጥገና ቤቶች ድራይቨር የሚያከማቹት በብራንድ ስም ነው። የእሷ ፎልደሮች ስም የላቸውም። 8086 የሚል አለ፤ ከውስጡ 0166 የሚል፤ ከእሱ ውስጥ ሁለት ፎልደር። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት አጭር ማስታወሻ ተቀምጣለች፦ የትኛው ማሽን ላይ እንደተገኘ፣ የት እንደሠራ፣ የት እንዳልሠራ። ‹አልሠራም› የሚለው ከ‹ሠራ› ይበልጣል። ከዚህ በላይ ስለሠራተኛው የሚነግር ማስታወሻ አላየሁም።

ከየት እንዳመጣቻቸው ጠየቅኋት። ከኢንተርኔት የወረደው ጥቂቱ ነው። የቀረው ከደንበኞች ማሽን የተቀዳ ነው። ጤነኛ ላፕቶፕ ለኪቦርድ ወይም ለማጠፊያ ጥገና ሲመጣ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ ከመፍታቷ በፊት አንዲት የትእዛዝ መሥመር ትጽፋለች። ‹ፒኤንፒዩቲል› የሚባል ዊንዶውስ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው፤ ማሽኑ ላይ የተጫኑትን ከውጭ የመጡ ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፎልደር ያወጣል። ሰነድ አይነካም፣ ፎቶ አይነካም። አንዱ ከጎሬ የመጣ ማሽን፣ ሌላው ከሁሩሙ፣ ሌላው ከያዮ። ከ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለችውን አዲስ አበባን ሳትጠይቅ የኢሉባቦርን ላፕቶፖች በየቺፓቸው መዝግባለች።

ጎሬን ካነሣሁ አይቀር፣ በሩ አጠገብ በፎጣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕ ነበር። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ላይ፣ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ። ጠዋት በሚኒባስ መጣ። እስከ ከሰዓት አትከፍተውም። እርጥበቱ እስኪወጣለት ድረስ መብራት አይነካውም።

ከሁለቱ ፎልደሮች አንዱ የመጨረሻ ቁምፊዎቹ ከእኔ ጋር ይገጥማሉ። እሱን መረጠች። ሌላውም ቺፑን ያውቀዋል፤ የብርሃን ቁልፎቹን ግን ያስተካከለው ለሌላ አምራች ነው። በውስጡ ሦስት ዋና ዋና ዓይነት ፋይሎች አሉ። ‹ሲስ› ሥራውን የሚሠራው ነው። ‹ኢንፍ› ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ከፍታ 0166ን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ሙሉውን መሥመር ከደብተሯ ጋር አስተያየችው። ‹ካት› ማኅተሙ ነው። የሌሎቹ ፋይሎች አሻራ እሱ ውስጥ ታትሟል። ኢንፉ ላይ አንዲት ነጥብ ቢቀየር አሻራው አይገጥምም፣ ባለ64 ቢት ዊንዶውስም አይቀበለውም። አንዳንዱ ማኅተም መፈተሹን አጥፍቶ የቀየረውን ያስገባል። ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «ማኅተሙ የተቀደደ ደብዳቤ ለሰው አይሰጥም።»

አሁን መንቀል ነው። የመመለሻ ነጥብ አስቀመጠች። ዋይፋይ አጠፋች፣ የስልኬንም ሆትስፖት አስጠፋችኝ። ድራይቨር የሌለው ቺፕ ያየ ዊንዶውስ ወዲያው የራሱን ሊያመጣ ይወጣል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ባለችው ደቂቃ ውስጥ። «በሩ ገርበብ ካለ ዶሮዋ ትገባለች» አለች። ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሣችው። በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር በቀላሉ ተጠርጎ አይወጣም፤ ሴፍ ሞድ ውስጥ የግራፊክስ ድራይቨሩ ያርፋል። ከዚያ ‹ዲዲዩ› የምትባለውን የማጽጃ ፕሮግራም ከፍላሽ ከፈተች። የተቋረጠው አፕዴት ግማሹን አስገብቶ ግማሹን የተወው ቅሪት ነበረ። የሚሰረዙት መሥመር በመሥመር ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሰው ይህን ሰዓት ሻይ ይጠጣበታል። እሷ እያንዳንዱን መሥመር አነበበች፤ አንዴ እጇን አንሥታ አቆመችውና ቀና ብላ ደብተሯን አየች፣ እንደገና አስቀጠለችው።

ከተነሣ በኋላ ኢንስቶለር አልተጠቀመችም። በዲቫይስ ማኔጀር በኩል ‹ሃቭ ዲስክ› የሚለውን ተጭና መንገዱን እስከ ኢንፉ ድረስ በእጇ አሳየችው። የኢንቴል አጠቃላይ ኢንስቶለር እንዲህ ባሉ ማሽኖች ላይ ‹ድራይቨሩ ለዚህ ኮምፒውተር አልተረጋገጠም› ብሎ ሊቆም ይችላል፤ በዚህ በኩል ሲኬድ የሚወስነው የኢንፉ ዝርዝርና ማኅተሙ ነው። አንድ ስም ብቻ ወጣ። መረጠችው።

ስክሪኑ ጠቆረ።

እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገች። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ማጥፊያውን ይጫናል፤ ተጠባባቂው ቦታውን ለቅቆ ባለቤቱ እስኪረከብ ስክሪኑ ባዶ መሆኑ ግን ተፈጥሮው ነው። አራት ወይም አምስት ሰከንድ ይሆናል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ስክሪኑ ቦግ አለ፣ እንደገና ጠፋ፣ ከዚያ ምስሉ መጣ። አዶዎቹ ጠበቡ። የ‹ሉ› እግር ስል ሆነ።

ጨረስን ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። አልጨረሰችም። ብርሃኑን እስከ ታች አወረደችው፣ ደረጃ በደረጃ እየቆጠረች መለሰችው። ክዳኑን ዘጋች፣ ጥቂት ጠብቃ ከፈተች፤ ተኝቶ ነቃ። ቪዲዮ አጫውታ የፕሮሰሰሩን ድካም አየች፤ ቀድሞ ምስሉን የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነበር፣ አሁን ቺፑ ተረክቦታል። አሮጌውን ሞኒተር መልሳ ሰካች፤ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር እንደምጠቀም ሳልነግራት ገምታለች። ሞኒተሩ በራ።

ከዚያ በሩን ዘጋች። አንዲት ትንሽ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ፍላሿ ላይ አለች፤ የተመረጠ አፕዴትን ትደብቃለች። ለአንድ ደቂቃ ኢንተርኔት ከፍታ የግራፊክስ ድራይቨሩን አፕዴት ብቻ መርጣ ደበቀችው። ሌላው እንዳለ ይግባ አለች። ለነገሩ የእኔ ማሽን የሚሠራበት የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ የእኔ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ይህ ማሽን ካሁን በኋላ የሚኖረው በእንዲህ ያለ እጅ ነው። «ባትሪ ግን ይግዙ መምህር» አለችኝ፤ ሁለተኛ አልደገመችውም።

ደብተሯ ላይ ቀኑን፣ መቱ የሚለውን፣ ረጅሙን ቁጥርና የፎልደሩን ስም ጻፈች። የሰው ስም የሚጻፍበት ዓምድ የለም። የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ትታ ፔይንትን ከፈተች። ሺፍትን ተጭና ክብ ሣለች። ማስመሪያዋን ጋደም አደረገች፤ ከ1 እስከ 7። አቆመችው፤ ከ1 እስከ 7።